እድሳት ላይ ነን

ደሴት የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የሚሰጠው ድምፅ በሌላው ዓለም ጆሮ ከሚሰጠው ይለያል። የጣናን ታሪክ እየሰማን ላደግን ሰዎች ደሴት ገዳም ነው። ዳጋ እስጢፋኖስን ያሰበ ሰው ታንኳን፣ የብራና መጻሕፍትን፣ የነገሥታትን አፅም፣ የመነኮሳትን ጾም ያስባል፤ ወደ ደሴት የሄደ ሰው ዓለም በቃኝ ያለ ሰው ነው። ውኃ በሌለበት በደጋው ደግሞ የደሴትን ሥራ አምባ ይሠራልን ነበር። በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ የሚጋዙባት ወህኒ አምባ ስሟን ለእስር ቤት ሁሉ አውርሳለች ይባላል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ወህኒ ወረደ እንላለን። እንግዲህ ደሴትም ሆነ አምባ ለእኛ ወይ የሚጾሙበት ወይ የሚታሰሩበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። ይዝናኑበታል ብሎ የነገረን አልነበረም።

የቀረው ዓለም ደሴትን የሚያውቀው በሌላ መልክ ነው። በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ፣ ከገንዘብ ቤቱ በር በላይ፣ ዓመቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ማንም ሊያወርደው ያልደፈረ ካላንደር ለረጅም ጊዜ ተሰቅሎ ነበር። ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ አንድ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ሁለት ባዶ ወንበሮች። ወንበሮቹ ባዶ መሆናቸውን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም። ወንበሩን ያወጣው፣ አሸዋውን የጠረገው፣ ፎቶውን ያነሳውም ሰው የለም።

በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ማልዲቭስ ይህን ባዶነት ሥርዓት አበጅታለት ኖራለች። 1,200 ገደማ ከሚሆኑት ደሴቶቿ ሕዝብ የሚኖርባቸው 200 ያህሉ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኩሩምባ የተባለው የመጀመሪያው ሪዞርት ከተከፈተ ወዲህ፣ አንድ ደሴት ለአንድ ሆቴል እየተሰጠ፣ እንግዳው በአንዱ ደሴት፣ ባላገሩ በሌላው ደሴት ሆነው አሥርት ዓመታት አለፉ። ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች የእንግዳ ማረፊያ መክፈት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ባሕሩማ ለሁሉም ያው ባሕር ነው፤ ዓሣ አጥማጁም ያየዋል። በውድ ዋጋ የሚሸጠው የሌላ ሰው አለመኖር ይመስለኛል።

እኔ የምኖረው ደባርቅ ነው። ገንዘብ እቀበላለሁ፣ ገንዘብ እከፍላለሁ፤ ማታ ማታ የተበላሹ የገቢ ቅጾች ጀርባ ላይ ግጥም ቢጤ እሞክራለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ደሴት ግን በቅርብ አለኝ። ሳይንቲስቶች እንደ ሰሜን ተራሮች ያለውን ከፍታ የሰማይ ደሴት ይሉታል። ዙሪያውን የከበበው በውኃ ፈንታ ቆላ ነው፤ ቆላውን መሻገር ያልቻለ እንስሳና ዕፅዋት በዚያው ቀርቶ፣ በዚያው ተዋልዶ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጥረት ይሆናል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ ቤት የላቸውም። ጅብራው እንኳ ግንዱን ዘርግቶ፣ ቅጠሉን አናቱ ላይ ከምሮ ሲቆም፣ ከሩቅ ላየው ያንን የካላንደሩን ዘንባባ ይመስላል። በካርታ ሕግ ከሄድን ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያስቃል። የሐሩር ክልል ከምድር ወገብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ይዘልቃል፤ ሳንቃ በር ያለው 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ሳንቃ በር የሐሩር ክልል ደሴት ነው። ልዩነቱ ከፍታው ወደ 3,250 ሜትር መጠጋቱና በበጋ ሌሊት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ጠዋት በረዶ ሠርቶ መገኘቱ ብቻ ነው።

በዚህ ደሴት ዙሪያ ለእንግዳ የተሠሩ ማረፊያዎች አሉ። የደባርቅ ሰው ያውቃቸዋል፤ ግን የሚያውቃቸው ድንኳን ጠባቂ፣ ስካውት፣ በቅሎ ጫኝ፣ ወጥ ቤት፣ አስጎብኚ ሆኖ ነው። በዶላር የተጻፈውን የአንድ ሌሊት ዋጋቸውን ወደ ብር መልሼ ከደመወዜ ጋር ያስተያየሁበት ቀን አለ፤ ካልኩሌተሩን ቶሎ አጠፋሁት። ሰው ጎረቤቱ ያለውን ቤት ከውጭ እያየ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ ይህ ብርቅ አይደለም፤ አዲስ አበባም እንዲሁ ነው ይሉኛል። እኔና ባለቤቴ ግን ከእነዚህ ማረፊያዎች በአንዱ ሦስት ሌሊት አድረናል። ስሙን መጥራት ለዚህ ጽሑፍ አይረባም። ያደርነውም ቤቱ እየታደሰ ስለነበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ እንግዳ ተቋረጠ። ወረርሽኙ ፋታ ሰጠ ሲባል በጥቅምት 2013 ማብቂያ ጦርነቱ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ወደ እኛ ተጠጋ፤ በ2013 ማብቂያ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ የሆነውን የአካባቢያችን ሰው አይረሳውም። እዚህ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፌ ነገሩ ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 መጀመሪያ ወራት፣ አሁን እንግዳ ሊመለስ ነው የሚል ተስፋ ከተማውን ዞረ። አስጎብኚዎች ጫማቸውን አስጠገኑ። ማረፊያ ቤቶችም ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበትን ጣሪያና በር ማደስ ያዙ። ከእነሱ አንዱ ታዲያ፣ እድሳቱ እስኪያልቅ ድረስ ለአገር ውስጥ እንግዳ ዋጋውን ወደ ሲሶ ማውረዱን አስታወቀ።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በሚያዝያ 2012 ነው። ሰው መሰብሰብ የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር ሠርጋችንን የበላው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነበር፤ ጫጉላችንም በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ እጅ በመታጠብ አለፈ። «ሲሶ ከሆነማ እንሂድ እንጂ» ያለችው እሷ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ናት፤ ሒሳብ ግን ከእኔ ትበልጣለች። የካቲት 2015፣ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሄድን።

ከበሩ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «እድሳት ላይ ነን፤ ለሚደርስብዎት መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ፣ ገንዘብ ስታስቀምጥ ስለማውቃት፣ መታወቂያ ልጠይቅህ ወይስ ልተው የሚል ዓይን ጣለችብኝ። ክፍላችን ያማረ ነበር። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የድንጋይ ምድጃ፣ ገደሉን የሚያሳይ ትልቅ መስኮት። መስኮቱ ግን ግማሹ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከነፍሬሙ ተነቅሎ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ክፍሉን የሞላው የቫርኒሽ ሽታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ መዶሻው ተነሣ። ከመዶሻው ቀጥሎ መጋዙ፣ ከመጋዙ ቀጥሎ ብረት መቁረጫው፣ ከሁሉም በላይ ጀኔሬተሩ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ቆፋሪ የውኃውን ቧንቧ በዶማ አገኘውና ውኃውም ሄደ።

በቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ የነበሩት ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። እነሱ የከፈሉት ሙሉ ዋጋ ነው፤ ጉዟቸውን የያዙት ከኮሮና በፊት ሆኖ ሦስት ጊዜ ተሰርዞባቸዋል። ሰውየው በምሳ ሰዓት ሥራ አስኪያጁን አስጠርቶ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እኛ የመጣነው ለዝምታ ነው አለው። መቼም እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ፈረንጁን ክፉ ማድረግ ቀላል ነው። እኔ ግን ሰውየው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። የባንክ ሰው ነኝ፤ ገንዘብ የተቀበልክበትን ነገር ማስረከብ ግዴታህ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝምታ ተሽጦለታል፤ ዝምታው አልደረሰውም። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ ከገንዘቡ ግማሹን እንደሚመልስ ቃል ገባለት። እኔ የገረመኝ የራሴ ጆሮ ነው። ያ ሁሉ መዶሻ ለእኔ አልረበሸኝም። ይልቁንስ በዚያ ትልቅና ጸጥ ያለ የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ማንኪያዬ ሳህኑን በነካ ቁጥር እየተሸማቀቅሁ ስበላ፣ ከውጭ የሚመጣው ጩኸት ይሸፍነኝ ነበር።

ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ገባት። ከሰዓት በኋላ ጠፋችብኝና ስፈልጋት ያገኘኋት ከጓሮ፣ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ሠራተኞቹ ሽሮ የሚያስጥዱበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ወጥ የምትሠራው ሴት የተማሪዋ እናት ሆና ተገኝታለች። በትልቅ ብረት ድስት የሚንተከተክ ሽሮ፣ የገብስ እንጀራ፣ ቃሪያ። «የፈረንጁን ሾርባ ትተሽ?» ብላት «አንተም ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። አናጢዎቹ፣ ግንበኞቹ፣ ድንጋይ ተሸካሚዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ እጃቸውን ታጠቡ፤ ከአሥሩ ሰባቱን አውቃቸዋለሁ። እኔ የማውቃቸው በመስኮቱ ቀዳዳ በኩል ስለሆነ ከወገባቸው በታች አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ከእነሱ አንዱ እግሩን በጣም እንደሚያነክስ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። «የባንኩ ሰውዬ! ብድር ልትሰጠን መጣህ?» ብሎ አንዱ ቀለደ። ሳቅንና ጉርሻ ተጀመረ።

ከመካከላቸው አምሳ ዓመት የሚሆነው አንድ ሰው ነበር፤ ከበላው ይልቅ ያሳለፈው ጊዜ በጸጥታ ነው። በወር አንድ ጊዜ ወደ መስኮቴ የሚመጣ፣ ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ፕላስቲኩን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚይዝ ደንበኛ ነው። በደብተሩ ውስጥ ስንት እንዳለ አውቃለሁ፤ የደንበኛ ሒሳብ ምስጢር ነውና እዚህ አልጽፈውም።

«እናንተም ለሥራ ነው የመጣችሁት?» አለኝ።

«አይ፣ አያ፣ ለማደር ነው።»

«ለማደር!» አለና መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፊቴን አየ። ከዚያ በጥርሱ ሁሉ ሳቀ። «እሰይ! ከእኛም ሰው ይደርበት እንጂ።»

ሰውየው የግጭ ሰው ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ግጭ ከሳንቃ በር ወደ ምሥራቅ፣ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኝ አምባ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እምብርት ላይ የነበረ የእስላም መንደር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲከለል መንደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሲሆንም መንደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ቅርሱ አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ እርሻው፣ ግጦሹ፣ በመካከሉ የሚያልፈው መንገድ ተራራውን እያራቆተው ነው ተባለ፤ እውነትም ነበረው። በ2008 ዓ.ም. ከአራት መቶ በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳና በደባርቅ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወረዱ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017፣ የሰሜን ተራሮች ከአደጋ መዝገብ ወጡ። ደባርቅ ላይ ደስታ ነበር። በግጭ ሰዎች ቤትም ደስታው አልነበረም ማለት አልችልም፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ቀርቧቸዋል፤ ሐኪም ቤት ቀርቧቸዋል፤ መብራት አይተዋል። እርሻና ከብት ብቻ ለሚያውቅ ጎልማሳ ግን ከተማ ውስጥ የሚሸጠው ጉልበቱን ነው። ይኸው ሰው ድንጋይ የሚሸከመው፣ ለክፍሎቹ አዲስ ምድጃ ነው።

«ግጭ ሳለን እንግዳ እኔ ዘንድም ያድር ነበር» አለ፣ ቡናው ሲቀርብ። «በቅሎ አከራያለሁ፤ ሲመሽባቸው ደግሞ እደጄ ድንኳን ይተክላሉ። ብርዱ ሲብስ ወደ ቤት ይገባሉ። ዶሮ ይጮሃል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ በቅሎዪቱ ሌሊቱን ሙሉ ስትረግጥ ታድራለች። ድምፅ አስቸገረኝ ያለኝ ግን አልነበረም። ድምፅ የጠላ ሰው ምን ሊያደርግ ሰው አገር ይመጣል?»

የአውሮፓዊውን አቤቱታ ከእንግዳ ተቀባይዋ ሰምተውት ኖሮ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ሰውየው ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ ቀጠለ።

«አንድ ጊዜ ለጉዞ የመጡ ሰዎችን ዕቃ ጭኜ ወጥቼ ነበር። ቤቴ የነበረበት ቦታ ጓሳው እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ሦስቱ ጉልቻዬ እዚያው አሉ፤ ጭላዳ ተቀምጦባቸው አገኘሁ። እንዴት አምሮበታል መሰለህ! እኛ ሳለን እንዲህ አላማረም።»

በድምፁ ውስጥ ቅሬታ ፈለግሁ። ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ከዓመታት በፊት የፈታት ሚስቱን ገበያ መካከል አግኝቶ፣ ወዝታና አምሮባት ሲያያት የሚሰማው ዓይነት። ደስ ብሎታል። ደስ ማለቱም ያንገበግበዋል። ከዚያ ፎርማኑ ተጣራና ሁሉም ተነሣ። እሱም የቡናውን አተላ ወደ ደጅ ደፍቶ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሄደ።

ማታ፣ ግማሽ ጎኑ በተነቀለው ምድጃ ፊት ተቀምጠን (ጭሱ ወደ ላይ ከሚወጣው ይልቅ ወደ እኛ የሚመጣው ይበልጣል) ይህን ነገር ለባለቤቴ አነሣሁባት። ተራራውም ለራሱ እድሳት ላይ ነበር ማለት ነው አልኳት። ሣሩ እንዲታደስ ሰው ተነሣ፤ ዋልያው እንዲተርፍ ዶሮው ወረደ። ዋልያው ይትረፍ፤ ዋልያ የሌለበት ሰሜን ለማንም አይበጅም፤ በዚህ አልከራከርም። ከእድሳቱ በኋላ ግን ሰው ሁሉ አልተከለከለም። ባለጉልቻው ወጥቶ ባለ ድንኳኑ ይገባል፤ ለሣሩ ብለን የገዛነውን ዝምታ ለእንግዳ እንደገና እንሸጠዋለን። ባለቤቴ እንደ ታሪክ መምህርነቷ እንዲህ ያለውን ወሬ በራሷ መንገድ ነው የምትመልሰው። «ውቤን አስበው» አለችኝ።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የሰሜንና የትግሬ ገዥ በነበረ ጊዜ፣ ከዚህ ተራራ ማዶ ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ሊነግሥባት አስቦ ነበር ይባላል፤ ለንግሡ የሚሆነውን ሁሉ አሰናድቶ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ገጥሞ ድል አደረገው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም እዚያችው ውቤ ባሠራት ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። «ወርም ያው የካቲት ነበር» አለችና ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሳበችው። ይህ የእሷ ታሪክ ከእኔ ወሬ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያን ሌሊት አላብራራችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ዘውድ ባልጫነው በውቤና በድንጋይ ተሸካሚው መካከል ሆኜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ ሥራ የለም። ጀኔሬተሩ ጠፋ፤ መዶሻው ተኛ። ያ የተወራለት ዝምታ መጣ። አውሮፓውያኑ ገና በጠዋት ወንበራቸውን ወደ ገደሉ አፋፍ አውጥተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ሳያቸው እውነቴን ነው የምለው ደስ አለኝ። እኛ በአንድ የጭነት መኪና ለምነን ወደ ሳንቃ በር ወጣን። ሸንተረሩ እዚያ ላይ እየጠበበ ሄዶ በግራም በቀኝም ገደል ይሆናል፤ ወደ ደጋው ልብ መግቢያ በር ነው ቢሉት አያሳፍርም። ሳንቃ በር፤ ስሙን ብቻውን ደጋግመው ቢሉት ከጥርብ እንጨት የተሠራ፣ ማጠፊያው የሚያቃጭል በር ይታያል። ከሥር፣ ደመናው ቆላውን ሸፍኖት፣ ተራሮቹ ከነጭ ባሕር ላይ ብቅ ብቅ ያሉ ደሴቶች መስለው ነበር። አጥንት ከሰማይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ያ ግዙፍ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ ከእግራችን በታች አለፈ። ከአስታው ሥር የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ያወራል፤ ጭላዳ ዝም ብሎ የሚበላ እንስሳ አይደለም፤ ሲበላም ሲተካከክም ያጉተመትማል፤ ገበያ ነው። ዝምታ ያልኩት ነገር በደንብ ሲያደምጡት ለካ ሙሉ ነው።

ኪሴ ውስጥ እንደ ልማዴ የገቢ ቅጽ ነበረኝ፤ እዚያው ተቀምጬ ጀርባው ላይ ይህችን ጫርኩ፦

ሳንቃውን ጠረቡት፣ በሩንም ሰቀሉት፣
ቁልፉን ለእንግዳ ነው፣ ለባዳ የሰጡት፤
የሠራው ሰውዬ ደጅ ቆሞ ቢያንኳኳ፣
«ማነህ?» አለው ሳንቃው፣ በእጁ የተለካ።

ለባለቤቴ ሳነብላት «እኛስ አድረንበት የለ?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ግጥሙ ለእኛ የሚሆን መስመር የለውም። አምስተኛ መስመር ለመጨመር ብዙ ሞከርኩ። አልመጣም። እንዳለች ትኑር ብዬ ትቻታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ስንወጣ የመታጠቢያ ቤታችን በር ገጥሞ ነበር። አናጢው ሊያሳየን ብሎ ከፈተውና ዘጋው፣ ከፈተውና ዘጋው፤ ድምፅ አልነበረውም። ውኃውም ተመልሶ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አስተያየት መስጫ መዝገቡን ስታቀርብልኝ፣ ከእኔ በላይ ባለው መስመር ላይ አውሮፓዊው በጥሩ እጅ ጽሑፍ ስለ ጩኸቱ ከጻፈ በኋላ፣ ሠራተኞቹ ግን በጣም ጨዋ እንደሆኑ አክሏል። እኔ ስማችንንና ቀኑን ብቻ ጻፍኩ።

እድሳቱ ያለቀው በዚያው ክረምት አፋፍ ላይ ነው። በሐምሌ 2015 ማብቂያ በክልላችን እንደገና ተኩስ ተከፈተ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ሲከፈት እንደገና ተዘጋ። አዲሱ ምድጃ፣ አዲሱ በር፣ ጭስ የማይመልሰው አዲሱ ማውጫ፣ ሁሉም እንግዳውን እየጠበቁ ተቀመጡ። የግጩ ሰውዬ ወደ መስኮቴ መምጣቱን አላቋረጠም። ደብተሩን ከጨርቅ ያወጣል፣ ከፕላስቲክ ያወጣል። አንድ ጊዜ «ምድጃህ ነደደ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የሚያነደው ሰው መች መጣ» አለና ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሄደ።

በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ አለፈ። እነዚያን ቀናት የማስታውሳቸው በየማለዳው የምንዛሪ ሰሌዳውን ቁጥር የምቀይረው እኔ ስለነበርኩ ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ ሳይደርቅ ቁጥሩ ያረጃል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በአንዱ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ወደ ባንኩ መጥታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። በሚያምር ቀለም የታተመ ነው፤ መስኮቱ ላስቲክ የለውም፤ ክፍሉ ውስጥ፣ ምድጃው ፊት፣ ሁለት ባዶ ወንበሮች አሉ። ዋጋው በዶላር ከቀድሞው ብዙም አልጨመረም።

ወረቀቱን ማታ ለባለቤቴ አሳየኋት። ምድጃውን አየች፣ በሩን አየች፣ ከሥር የተጻፈውን ቁጥር አየች፤ በልቧ ስታባዛው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ደግሞ የሚያድሱት መቼ ነው?» አለችኝ።